ሦስተኛው ቀላድ

በአዳ ጥቁር አፈር፣ ጤፉ ወገብ በሚደርስበት አገር፣ አንድ ፊታውራሪ ነበሩ። መሬታቸው ሰፊ፣ ጭሰኛቸው ብዙ፣ ንግግራቸው ቁጥብ። ውሸታም ናቸው ብሎ የከሰሳቸው ሰው የለም፤ እሳቸውም ዋሽተው አያውቁም። እውነታቸውን ግን በሁለት ምሰሶ ላይ ሰቅለው ነበር የሚኖሩት።

በአዳራሻቸው በግራው ምሰሶ ላይ አንድ ቀላድ፣ የመሬት መለኪያ ገመድ፣ ተጠቅልሎ ይንጠለጠላል። በቀኙ ምሰሶ ላይ ሌላ ቀላድ ይንጠለጠላል። ሁለቱም ከጠፍር የተገመዱ፣ ሁለቱም ስብ የጠገቡ፣ ሁለቱም ደንቡ እንደሚያዘው ልክ 133 ክንድ። ልዩነቱ ከክንዱ ባለቤት ነው። የግራውን የለካው አጭሩ አሽከር ነው፤ የቀኙን የለካው ረጅሙ። ፊታውራሪው መሬት ሲገዙ ወይም ከሰው ሲረከቡ «የቀኙን አምጣ» ይላሉ። መሬት ሲሰጡ ወይም የጭሰኛውን ማሳ ቆጥረው ክፍያ ሲተምኑ «የግራውን አምጣ» ይላሉ። በሁለቱም ጊዜ ምስክር ይቆማል፤ ምስክሩም ይጠየቃል።

«ስንት ክንድ ነው?»

«133 ክንድ ነው።»

ሐሰት የለበትም።

አገሬው ነገሩን አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። አገሬው ያውቃል። ማረሻውን ይዞ ቀኑን ሙሉ የዋለበትን ማሳ ስፋት እግሩ ይነግረዋል። እግሩ የነገረውን በምን ቁጥር እንደሚናገረው ግን አያውቅም። ቁጥር የሌለው አቤቱታ ደግሞ ከዳኛ ፊት እስኪደርስ ሐሜት ሆኖ ያልቃል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ ወጣ። የተለካ መሬት ሁሉ በሦስት ስም ተጠራ፤ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ። ከአስራቱ ሌላ ለሙ በአንድ ጋሻ መሬት 15 ብር፣ ለም ጠፉ 10 ብር፣ ጠፉ 5 ብር ይክፈል ተባለ። ያን ሰሞን የፊታውራሪው ቤት እንግዳ በዛበት፤ የመዝገቡም ጸሐፊ ከእንግዶቹ አንዱ ነበር። ጠጁ ሲያልቅ ከመሬታቸው የሚበልጠው ጠፍ ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። ጤፉ ይህን አልሰማም ነበርና በዚያም ዓመት ወገብ ደረሰ።

በ1940 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት ግብር ታወጀ። ይህም በመሬት ላይ የሚጣል ነው። አዋጁ ባለመሬቱ ይክፈል ይላል። ፊታውራሪው ጭሰኞቻቸውን ሰበሰቡ።

«ትምህርት ለልጆቻችሁ ነው» አሉ። «የልጅን ነገር የሚችለው አባት ነው። በየጥማዳችሁ ታዋጣላችሁ።»

ጥማዱ የሚቆጠረው በግራው ቀላድ ነው። ቀላዱ ሲያጥር ጥማዱ ይበዛል፤ ጥማዱ ሲበዛ ብሩ ይበዛል። ለመንግሥት የሚገባው ለመንግሥት ይገባል። የተረፈው የት እንደሚያድር የሚያውቀው ሣጥኑ ነው።

አንድ ዓመት ከፈሉ። ሁለተኛውንም ከፈሉ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ሽማግሌ ጭሰኛ ብሩን በጨርቅ ቋጥረው መጡና፣ ከማስረከባቸው በፊት እጅ ነስተው ጠየቁ።

«ጌታዬ፣ ክፉ አይበሉብኝ። ትምህርት ቤቱ የት ነው?»

ፊታውራሪው ወደ ከተማው አቅጣጫ በጭራቸው አመለከቱ። ከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። ለመሄድ ግማሽ ቀን፣ ለመመለስ ግማሽ ቀን ከሆነበት፣ የሚማረው ሌሊት ነው ማለት ነው።»

ይህች ቃል ከቤት ቤት ዞረች። ዞራ ዞራ አውራጃ ግዛት ደረሰች። ከአውራጃም ሕዝቡ ቤቱን ከሠራ አስተማሪ ይላካል የሚል ደብዳቤ መጣ። ቦታ ያስፈልጋል። ፊታውራሪውም በመስቀል ዕለት፣ ደመራው በተቃጠለበት አደባባይ ብድግ አሉ።

«ሁለት ቀላድ በሁለት ቀላድ ሰጥቻለሁ።»

እልል ተባለ። ቄሱ መረቁ። አጭሩ አሽከር ወደ አዳራሹ ሮጦ ከግራው ምሰሶ አውርዶ መጣ። ቦታውም ማረሻ የሚሰብር ድንጋያማ ጉብታ ነበር። በስጦታው ወረቀት ላይ ለም ተብሎ ተጻፈ፤ በግብሩ መዝገብ ላይ ግን ያው ጉብታ ጠፍ ነው። በሁለቱም ወረቀት ላይ የፊታውራሪው ማኅተም አለበት።

ከአጨዳ በኋላ አገሬው በደቦ ወጣ። ወንዱ ማገር አጋደመ፣ ሴቱ ውሃ ቀዳ፣ ጭዱና ጭቃው በልጆች እግር ተረገጠ። ጉብታው ላይ የነበረው ድንጋይ ከፊሉ መሠረት፣ ከፊሉ የልጆች መቀመጫ ሆነ። ግድግዳው በኖራ ነጣ። መስኮት ግን አንድ ብቻ ነበረው፤ እሱም ጠባብ። ጭስ የለመደ ሰው ሲሠራው ብርሃን ትዝ አላለውም።

አስተማሪው ከአዲስ አበባ መጣ። ገና ወጣት ነው። የቆርቆሮ ሣጥን፣ አንድ ጥቅል ካርታ፣ አንድ ፓኮ ጠመኔና አንድ የእንጨት ሜትር ይዟል። የመጀመሪያውን ሳምንት ፊደል አስቆጠረ። በሁለተኛው ሳምንት የልክ ትምህርት ደረሰ። የእንጨቱ ሜትር አንድ ነው፤ ልጆቹ አርባ ናቸው። ከክፍሉ ውስጥ እንዳይስለው ይጨልማል። ስለዚህ ከበሩ አጠገብ፣ በውጪው ግድግዳ ላይ፣ በቀይ ቀለም አንድ ሜትር አሠመረ። ለመቶ ከፈለው። በየአሥሩ ቁጥር ጻፈበት። ሃምሳው ላይ ሲደርስ «ክንድ» ብሎ ጻፈ። ስለዚህ መሥመር በኋላ ብዙ ምክንያት ተወራ። ደፍሮ ነው ያለ አለ፤ ተልኮ ነው ያለ አለ። ምክንያቱ የመስኮቱ ጥበት ነበር።

ቅዳሜ ገበያተኛው በትምህርት ቤቱ በር ያልፋል። መጀመሪያ የቆሙት ጥጥ ፈታይዋ እማማ ናቸው። እማማ ገበያ ሲሄዱ ብልሃት አላቸው። አቡጀዲ ሲገዙ ረጅሙን የወንድማቸውን ልጅ ያስከትላሉ፤ በእሱ ክንድ ይለካላቸዋል። ኩታ አሠርተው ሲሸጡ ግን ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ እሳቸው አጭር ናቸው። የዚያን ቅዳሜ የገዙትን አቡጀዲ ከቀዩ መሥመር ላይ ዘረጉት። ዘረጉና ዝም አሉ።

«ምነው እማማ?» አላቸው አንድ ተማሪ።

«ምንም የለ ልጄ። ነጋዴውም ለካ ወንድም ልጅ አለው።»

ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ሰው አጥቶ አያውቅም። ስምንት ክንድ ብሎ ጋቢ የገዛ እዚያ ይዘረጋዋል። ገመድ የገዛ እዚያ ይስበዋል። እዚያው ጎረቤት የሚኖረው ሸማኔ መጀመሪያ ሳቀ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሁለት ደንበኞቹ ጋቢያቸውን ይዘው ተመለሱበት። ሳቁን ተወ። ቀዩን መሥመር ሁሉም ይወደዋል፤ የሚወደው የሌላውን ክንድ ሲለካበት ነው።

በልጉ ሊገባ ሲል አስተማሪው የአትክልት ቦታ ለማውጣት አሰበ። ለእያንዳንዱ የልጆች ቡድን እኩል መደብ ይሰጠዋል፤ አንዱ ጎመን፣ አንዱ ድንች፣ አንዱ ሽንኩርት ይተክላል። እኩል ለማካፈል ግን አስቀድሞ ጠቅላላውን ማወቅ ያስፈልጋል። ልጆቹ ከቃጫ ገመድ ገመዱ፤ ከግድግዳው ላይ እየለኩ በየሜትሩ ቋጠሩት። አስተማሪው በሰሌዳው ላይ አስቀድሞ አሰላ። ቀላድ 133 ክንድ ነው፤ ክንድ ግማሽ ሜትር ነው፤ እንግዲህ ቀላድ 66 ሜትር ተኩል ነው። ሁለት ቀላድ 133 ሜትር።

ልጆቹ ለክተው መጡ። 109 ሜትር።

«ገመዱን አላላችሁት እንዴ?» አለ አስተማሪው። «ድገሙት።»

ደገሙት። 109 ሜትር። ሌላውን ጎን ለኩ። 109 ሜትር። በመጨረሻ የዚያ የሽማግሌው ጭሰኛ ልጅ፣ ያ ሌሊት ይማር እንደሆነ የተጠየቀለት፣ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ የጎደለው ገመዳችን ነው ወይስ መሬታችን?»

«ገመዱን ወደ ግድግዳው ውሰዱትና ጠይቁት» አለ አስተማሪው።

ወሰዱት። ገመዱ አልጎደለም።

አስተማሪው ሁለቱን ቁጥሮች ጻፈ፤ አባዛ። የተባለው 17,689 ካሬ ሜትር፤ የተገኘው 11,881። ሲቀናነስ 5,808። ከተባለው ላይ ሲሶው ሊጎድል የቀረው 88 ካሬ ሜትር ብቻ ነበር። አስተማሪው ሰሌዳውን ለአፍታ አየው። «ለዛሬ ይበቃል» ብሎም አጠፋው። ሰሌዳው ጠፋ፤ ደብተሩ ግን አልጠፋም።

ልጁ ማታ ለአባቱ ነገራቸው። አባቱ ምንም አላሉም። ጨረቃዋ ስትወጣ ግን በትራቸውን ይዘው «ና እስቲ» አሉት። የራሳቸውን ማሳ በቃጫው ገመድ ዞሩት። ሦስት ጥማድ ነው እየተባለ በየዓመቱ የሚከፈልበት ማሳ ሁለት ጥማድ ሆነ። ደገሙት። ሁለት ጥማድ። በማግስቱ ሌሊት ጎረቤታቸው ገመዱን ተዋሰ። ከዚያም የጎረቤቱ ጎረቤት። ገመዱ ለሁለት ሳምንት ቀን ቀን ትምህርት ቤት እየዋለ ሌሊት ሌሊት ማሳ ለማሳ አደረ። የተናገረ የለም። አገሬው ግን ቁጥር አግኝቶ ነበር።

ዝምታ ሲበዛ ይሰማል፤ ፊታውራሪውም ሰሙ። አጭሩን አሽከር ጠሩት። አጥፋው አላሉትም። እሳቸው እንዲህ ያለ ቃል አይናገሩም።

«ትምህርት ቤታችን ግድግዳው ቆሽሿል» አሉት። «ለበዓሉ ይለቅለቅ።»

አሽከሩ ቅዳሜ ማታ፣ ገበያተኛው ከተበተነ በኋላ፣ ኖራውን ይዞ ሄደ። ውሃ ረስቷል። ዘወር ሲል ሸማኔው በራሱ እንስራ ሞልቶ፣ ሳይጠየቅ፣ አጠገቡ ቆሟል። አብረው ለቀለቁት። እማማ በዚያ ሲያልፉ አዩ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። ረጅሙን የወንድማቸውን ልጅ አስበው ይሁን ሌላ፣ እሳቸው ያውቃሉ።

ሰኞ ጧት ግድግዳው ነጭ ነበር። አስተማሪው አየው፤ የእንጨቱን ሜትር አየው፤ ቦታውን የሰጡት ሰውዬ ቤት ያለበትን ኮረብታ አየው። ቀለሙን መልሶ ከሣጥኑ ከተተ። ልጆቹ ግን እረኞች ናቸው፤ በትር አላቸው። በየበትራቸው ላይ ሃምሳ ሴንቲ ሜትሩን በቢላ ከጫሩት ቆይተዋል። ግድግዳውን የለቀለቀ ሰው አርባ በትር አልቆጠረም።

ፋሲካ ሲደርስ ጭሰኛው ሁሉ ለፊታውራሪው እጅ መንሻ ይዞ መሄድ ደንቡ ነው። ስለዚያ ዓመት እጅ መንሻ በእማማ ጓሮ ምክር ተያዘ። አንዱ እንክሰስ አለ፤ አንዱ አንክፈል አለ። እማማ እንዝርታቸውን እያሾሩ ሲሰሙ ቆዩ።

«ሰው ጌታውን ሌባ ይላል እንዴ?» አሉ። «ጌታችን ቀላዳቸው አርጅቷል። ፀሐይ መትቶት አጥሯል። የሚያዝንላቸው ሰው ጠፋ?»

በፋሲካ ዕለት ጭሰኞቹ ሙክት እየጎተቱ፣ ማር ተሸክመው፣ ወደ አዳራሹ ገቡ። ሽማግሌው ከፊት ሆነው አንድ የተጠቀለለ ነገር በነጠላ ሸፍነው በሁለት እጃቸው አቀረቡ።

«ጌታዬ፣ እንኳን አደረሰዎ። ቀላድዎ በፀሐይ ደርቆ ቢያጥርብዎ አዝነን፣ አዲስ አስገምደን መጥተናል። 133 ክንድ ነው።»

ፊታውራሪው ቀላዱን አዩ። ሙክቱን አዩ። እጅ መንሻ ከፍሎ መመለስ የለም፤ አንዱን የመለሰ ሁሉንም መለሰ። «በማን ክንድ?» የምትለው ጥያቄ ከጉሮሯቸው ወጥታ ምላሳቸው ላይ ደረሰች። ያቺ ጥያቄ ከወጣች ግን ስለ ግራውም ስለ ቀኙም ምሰሶ መጠየቋ ነው። ዋጧት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «መሐለኛው ምሰሶ ላይ ስቀሉት።»

ተሰቀለ። እዚያው ከረመ።

በዚያ ክረምት ወንዙ ሞላ። ሞልቶም በፊታውራሪውና ከታች በሚያዋስኗቸው በአንድ ቀኛዝማች መካከል የነበረውን የድንበር ድንጋይ ይዞ ሄደ። የቀኛዝማች መሬት በውሉ መሠረት ከወንዙ ዳር ሰባት ቀላድ ነው። ከዚያ በላይ የፊታውራሪው ነው። ቀኛዝማች የራሳቸውን ቀላድ አምጥተው ሰባት ጊዜ ጣሉና ምልክት ተከሉ። እሳቸውም ቤት ረጅም አሽከር ነበራቸው። ፊታውራሪው ደግሞ የግራውን አስመጥተው ሰባት ጊዜ ጣሉና ሌላ ምልክት ተከሉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ከመቶ ሜትር በላይ የበሰለ ጤፍ ቆመ፤ የሚያጭደው ጠፋ።

የወረዳው ዳኛ መጥተው ወንዙ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። እያንዳንዱ ወገን ሰባት ሰባት ምስክር አቀረበ። ሁሉም ቀላዳችን 133 ክንድ ነው ብለው ማሉ። አሥራ አራቱም እውነት ማሉ።

ዳኛው ሁለቱን ቀላዶች ጎን ለጎን አስዘረጉ። አንደኛው አለቀ። ሌላኛው ወደ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ቀጠለ። የሳቀ የለም። ሰው ሁሉ ሳል ያዘው።

«ሁለቱም 133 ክንድ ነው» አሉ ዳኛው። «አምኛለሁ። አሁን የምፈልገው የማንም ያልሆነ ክንድ ነው። በዚህ አገር ይገኛል?»

ፊታውራሪው ቆመው ነበር። ዝም ካሉ ነገሩ ወደ አውራጃ ይሄዳል፤ አውራጃ ደግሞ የቀኛዝማች አማች አለ። ከተናገሩ የመሐለኛው ምሰሶ ቀላድ ከቤት ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ምሰሶው ላይ አርፎ እንደማይቀመጥ ያውቃሉ። ወደ ጤፉ አዩ። ወደ ጭሰኞቻቸው አዩ፤ ጭሰኞቹ ወንዙን ያያሉ። ጭራቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩ። ከግራ ወደ ቀኝ መለሱ።

«ቤቴ አንድ ሌላ ቀላድ አለ» አሉ።

«የማን ነው?»

«እጅ መንሻ ነው። ሰዎች ያመጡልኝ።»

«ከቤትዎ ከወጣ የእርስዎ ነው!» አሉ ቀኛዝማች ከተቀመጡበት እየተነሡ።

«እውነታቸውን ነው» አሉ ዳኛው። «ፊታውራሪ፣ ቀላዱ ትክክል መሆኑ በምን ይመሳከራል?»

ፊታውራሪው ጭራቸውን እንደገና አዛወሩ።

«ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሜትር ነበረ።»

«ነበረ?»

«ለበዓሉ ተለቅልቋል።»

«ማን ለቀለቀው?»

አጭሩ አሽከር የእግሩን ጣቶች መቁጠር ጀመረ። ሸማኔው ከሕዝቡ መሐል ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበው። አስተማሪው የእንጨቱን ሜትር በብብቱ ይዞ ከጧት ጀምሮ እዚያው ቆሟል፤ የጠየቀው ስለሌለ አልተናገረም። ሽማግሌው ጭሰኛ ወደ ፊታውራሪው ዞረው እጅ ነሡ። ለምን እንደነሡ አልታወቀም።

«ግድግዳው ቆሽሾ ነበር» አሉ ፊታውራሪው።

ዳኛው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«ደግ ነው» አሉ። «ንጹህ ከሆነ ለመጻፍ ይመቻል።»

አስተማሪው ያን ቀን በሕዝቡ ሁሉ ፊት መሥመሩን እንደገና አሠመረው። ልጆቹ በትራቸውን እያስጠጉ አመሳከሩለት። የመሐለኛው ቀላድ ከግድግዳው ጋር ተተያየ፤ 66 ሜትር ተኩል ሆኖ ተገኘ። ከወንዙ ዳር ሰባት ጊዜ ተጣለ፤ 465 ሜትር ተኩል። የቀኛዝማች ምልክት ያለው 484 ላይ ነው። ዳኛው ምልክቱን አስነቀሉ። ፊታውራሪው ወደ 18 ሜትር ተኩል ገደማ መሬት አስመለሱ። የራሳቸው ምልክትም አብሮ ተነቀለ፤ እሱን ማንም አላነሣባቸውም። ዳኛውም በመዝገባቸው ላይ በዚያ ቀበሌ የሚነሣ የልክ ክርክር ሁሉ በትምህርት ቤቱ ሜትር ይመሳከር ብለው ጻፉ።

«ዝናብ እንዳያጥበው በድንጋይ ይቀረጽ» አሉ ደግሞ። «ወጪው በማን ይሁን?»

«በእኔ» አሉ ፊታውራሪው።

ሕዝቡ አመሰገናቸው። ለምን በእርስዎ ብሎ የጠየቀ የለም።

በሚቀጥለው ዓመት የትምህርት ግብር መዋጮ ሲደርስ፣ ጭሰኞቹ ብራቸውን ይዘው ከመምጣታቸው በፊት መሐለኛው ቀላድ ማሳ ለማሳ ዞረ። ሦስት ጥማድ ሁለት ሆነ። ትምህርት ቤቱም ድርሻውን አገኘ፤ ጉብታው በሁለት በኩል 24 ሜትር ወደ ጥቁሩ አፈር ገባ። ጎመኑ እዚያ ተተከለ። ፊታውራሪው ከወንዙ በኩል 18 ሜትር ተኩል አገኙ፣ ለትምህርት ቤቱ ብቻ 24 ለቀቁ። ይህን በፊታቸው ያሰላ ሰው አልነበረም፤ ለተማሪዎቹ ግን የመቀነስ ጥያቄ ሆኖ ቀረበ። ከተማሪዎቹ አንዱ የፊታውራሪው የልጅ ልጅ ነበር። በዚያ መስከረም ልከውት ነበር፤ እቤታቸው ቁጥር የሚያውቅ ሰው እንደሚያስፈልግ ገብቷቸዋል።

እማማ ረጅሙን የወንድማቸውን ልጅ ገበያ ማስከተል ተዉ። ሸማኔው ስምንት ክንዱን ሞላ፤ ዋጋውንም ጨመረ።

ይህ ቀበሌ በካርታ ላይ አይገኝም፤ ሰዎቹም የሉም። ቀላዱ ግን ነበረ። በምኒልክ ዘመን የሸዋና የደቡብ አገር ብዙ መሬት በዚያ ገመድ ተጥሎ በጋሻ ተቆጥሯል። 133ቱ ክንድ፣ የለሙና የጠፉ መዝገብ፣ የ1940ው የትምህርት ግብር ሁሉ የታሪክ ናቸው። ትምህርት ቤቱን ያቆመው ገንዘብ ከእርሻ ማሳ ይወጣ ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹ ግን በአብዛኛው የሚሠሩት በከተማ ነበር። የሽማግሌውን ጥያቄ ብዙ አገር ጠይቆታል።

ነገሩ ደግሞ ሌላ ወገን አለው። በኅዳር 1960 ዓ.ም. መንግሥት አስራትን ሽሮ የእርሻ ገቢ ግብር ሲተካ፣ ጎጃም ተነሣ። ገበሬው የፈራው ብሩን ብቻ አልነበረም። መሬቱ ይለካል፣ ከተለካም ርስቱ ይነካል ብሎ ሰጋ። ጦር ተላከ፤ ደም ፈሰሰ። ኋላ የግብሩ ውዝፍ ተማረ፤ ለኪዎቹም ተመለሱ። ልክ ያልወደደ ሕዝብ ነው ብሎ የጻፈበት አለ። ያ ገበሬ የሚያውቀው ግን በጌታ ምሰሶ ላይ የሚሰቀለውን ገመድ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮ ለአንድ ቤተሰብ ቢበዛ አሥር ሄክታር ብሎ ሲወስን፣ ምሰሶዎቹ ተነቀሉ። አሥር ሄክታር ስንት እንደሆነ የሚለካ ሰው ግን አሁንም ያስፈልግ ነበር።

ዛሬ የይዞታ ደብተር ይሰጣል፤ ማሳው በመሣሪያ ይለካል፣ በካርታ ይወጣል። ደብተሩ ከመታተሙ በፊት ልኩና የባለ ይዞታዎቹ ስም ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል፤ ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ ቀን ይሰጠዋል። ብዙ ሰው ያን ቀን የጎረቤቱን ማሳ ለማየት ይመጣል። የተሳሳተ ልክ የሚታረመው በዚያ ሰሞን ነው፤ ሸማኔውም ሳይጠየቅ ውሃ ሞልቶ የሚመጣው በዚያው ሰሞን ነው።